ለዘበኞቹ ያልታየ ሰው

መምህር ደምለው ጡረታ ሲወጣ ከትምህርት ቤቱ ይዞ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታይመስን። በእጁ ሳይሆን በአፉ። ሉማሜ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ስለ እንቁራሪት ልብም ስለ ባቄላ ሥርም ብዙ ተናግሯል። አንድ ክረምት ግን ባሕር ዳር ለኮርስ ሄዶ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ ስለተደበቀችው ስለዚች እጢ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው የሰውነት ክፍል ሁሉ ከዓይኑ ወረደ። ልብን እንኳ "ደም መግፊያ" ብሎ ያልፋት ጀመር።

ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ወይራ አፋፍ ተመልሶ፣ ከሉማሜ ሽቅብ በእግር ተወጥቶ የሚደረስባት መንደር ናት፣ ጎጆውን ሲያደላድልም አመሉ አልለቀቀውም። ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ታይመስን ይጀምራል። ማኅበር ላይ ጠላው ገና ሳይቀዳ እሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሰዉ ጨዋ ነውና ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ አንዳንዱም ዓይኑን ገልጦ መተኛት የለመደው በሱ ምክንያት ነው።

ነገሩ በሱ አፍ እንዲህ ነበር።

"ሰውነታችን ዘበኛ አለው፣ ቲ ሴል ይባላል። ዘበኛው ሌባን የሚያውቅበት እጅ አለው፤ ያንዱ እጅ ግን ካንዱ ይለያል። ለምን? አካላችን ገና ያልመጣ፣ ምናልባትም ገና ያልተፈጠረ በሽታ ምን መስሎ እንደሚመጣ ከየት ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ በዕጣ ይሠራል። አንድ ቁራጭ ከዚህ፣ አንድ ቁራጭ ከዚያ፣ አንድ ደግሞ ከወዲያ ያወጣና ገጣጥሞ አንድ እጅ ያበጃል። ለሚቀጥለው ዘበኛ እንደገና ዕጣ ያወጣል። በዚህ ዓይነት እልፍ አእላፍ፣ የማይመሳሰል እጅ ይወለዳል። ከዚያ ሁሉም ታይመስ ገብተው ይፈተናሉ። የቤቱን ሰው እጅ ጨርሶ የማይጨብጥ ይወድቃል። ጨብጦ አልለቅም የሚለውም ይወድቃል፣ እሱ ሊያንቅ ነው የመጣው። ላላ አድርጎ ጨብጦ የሚለቅ ብቻ ያልፋል። ከመቶው ሁለት ሦስት ቢያልፍ ነው።"

"የወደቁትስ?" ይላሉ ሁልጊዜ ቄስ ገብረ ኪዳን፣ የመንደሩ ደብር አስተዳዳሪ።

"እዚያው ይሞታሉ።"

"ነፍስ ይማር" ይላሉ ቄሱ፤ ለቅሶውም ወደ ለቅሶነቱ ይመለሳል።

መምህር ደምለው ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፣ ስለ ልጁ ግን አያወራም። ከሚስቱ ከየብርጓል የወለደው አንድ ልጅ ይስማው ይባላል። አባቱ ሐኪም ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጥሎ የሉማሜና የማርቆስ ሚኒባስ ረዳት ሆነ። መምህር ደምለው ልጁ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ሲያልፍ የገዛ ልጁ ከመኪናው በር ላይ ተንጠልጥሎ "ማርቆስ፣ ማርቆስ" እያለ ሲጮህ አየው። ቤቴን እንዳትረግጥ ብሎ የላከበት ያን ዕለት ማታ ነው። ከዚያ በኋላ መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ምናልባት የይስማው መኪና ቢሆንስ ብሎ። በየገበያው ቀን በእግሩ ሉማሜ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጁን። "ምን ልትገዛ ነበር የወረድኸው?" ስትለው ሚስቱ፣ "ጨው" ይላል። ጨው ግን የለም። ይህ እንግዲህ ስንት ክረምት ሄደ። የብርጓል በየበዓሉ የልጇን ድርሻ በሌማት ጥግ ታስቀምጣለች፣ በማግሥቱ ለውሻ ትሰጠዋለች፣ ለባሏም ለሁለት ቀን ያህል መልስ አትሰጥም።

ከሚሊኒየሙ በዓል በፊት የነበረው ክረምት ሲገባ ወይራ አፋፍ ላይ ማረሻ ይጠፋ ጀመር። ሞፈሩ አይነካም፣ ቀንበሩ አይነካም፣ ብረቱ ብቻ ተነቅሎ ይሄዳል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሉማሜ ሲወርድ። መሬቱ ርሶ በሬው ተጠምዶ ማረሻ ማጣት ምን እንደሆነ ላላረሰ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ በሠርጉ ቀን ሱሪው የጠፋበት ሙሽራ በሉት። ቤት የቀሩት አሮጊቶች ሌባውን አይተነዋል አሉ፤ የሁሉም ሌባ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያንዷ ዘር ሻጭ ነበር። የሌላዋ መነኩሴ ነበር፣ መስቀሉንም ተሳልማለች። የሦስተኛዋ ከብት ከታቢ ነኝ ብሎ በሬዋን ዞሮ አይቶ፣ ጥሩ ይዘሽዋል ብሎ አመስግኗት ሄዷል።

መንደሩ በደብሩ ግቢ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። አንዱ እንግዳ የሚባል አይግባ አለ፤ አማቾቻችንስ ተባለ፤ ተቀመጠ። ያኔ መምህር ደምለው ጉልበቱን እያሻሸ ተነሣ፤ ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ጉልበቱ እየያዘው ነበር።

"ሌባው መልኩን ይለዋውጣል" አለ። "አንድ ዓይነት ዘበኛ ካቆማችሁ የምትይዙት አንድ ዓይነት ሌባ ነው። የሚቀጥለው ሌባ ምን መስሎ እንደሚመጣ የሚያውቅ አለ?"

ማንም የለም።

"እንግዲያው ዕጣ እናውጣ።"

እስከዚያ ድረስ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የነበረው ሰው ሁሉ ዕጣ የምትለዋን ሲሰማ ቀና አለ። ወይራ አፋፍ የቅርጫው ሥጋ፣ የመስኖው ተራ፣ የሣር መሬቱ፣ ሁሉ በዕጣ የሚደለደልባት አገር ናት። አንጀቱ የደረሰው ሰው ሽንጡ ከደረሰው ጋር አይከራከርም፤ የወጣለትን አቅፎ ይሄዳል። በዕጣ የመጣን ነገር መመለስ እዚያ ነውር ነው፣ ቄስ ገብረ ኪዳን እንዲያውም ኃጢአት ይሉታል። መምህር ደምለው ለዓመታት ስለ ታይመስ ሲናገር ያልገባቸው ነገር በዚያች ቅጽበት ሁሉ ገባቸው።

ሦስት ሙዳይ መጣ። ባንደኛው ሙዳይ የሌባው አካል ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በሁለተኛው ምን እንደያዘ፣ በሦስተኛው ምን እያደረገ እንደሚመጣ ተጽፎ ገባ። ሰዉ ያሰበውን፣ ያለመውን፣ የፈራውን ሁሉ እየተናገረ አስጻፈ። ዘበኛ ሊሆን የፈቀደ ሁሉ ከየሙዳዩ አንዳንድ ወረቀት አወጣ፣ የሚይዘውም በዕጣው የወጣለትን ዓይነት ሌባ ብቻ ነው፤ ያነበቡት ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው። ቄሱ ደግሞ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የፈጁ ሰው ስለሆኑ ሦስት ደረቅ ቃል እንዳለ ማንበብ አይሆንላቸውም። መገጣጠሚያው ላይ ከራሳቸው ትንሽ ይጨምራሉ፣ ወይም ጫፉን ይቆርጡታል። አንዳንዱ ሰው አጉረመረመ።

"ተዋቸው" አለ መምህር ደምለው፣ ፊቱ በርቶ። "ሰውነትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቁራጭ ከቁራጭ ሲገጥም መገናኛው ላይ ያላሰበውን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ብዙው ልዩነት የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።"

አንዱ ጎረምሳ "ጥርሱ የወለቀ፣ ዶሮ በብብቱ የወሸቀ፣ እያስነጠሰ የሚመጣ" ደረሰው። ወልደ ሚካኤል የሚባለው ገበሬ "ጺም አልባ፣ በቅሎ በጀርባው ያዘለ፣ እየሰገደ የሚመጣ" ደረሰው።

"በቅሎ የሚያዝል ሰው የት ይገኛል?" አለ ወልደ ሚካኤል።

ቄሱ፣ ከአፌ ወጥቷል፣ አልመልሰውም አሉ። መምህር ደምለው ግን፣ "ይህም በሰውነት ይደርሳል፣ ቁራጮቹ ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ አንድ ዕድል ይሰጣል፣ ድገም" አለው። ወልደ ሚካኤል ደገመ። በቅሎዋ ተመልሳ ሙዳይ ገብታ ኖሮ ድጋሚ እሷው ወጣችለት። ዱላውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

"ሰውነት ውስጥ ብትሆን እኮ ሞተህ ነበር" አለው መምህር ደምለው ከኋላው፣ ሊያጽናናው ብሎ።

ለአለበል የወጣለት ይህ ነበር፦ "አንድ ትከሻው የወረደ፣ ሳይዘንብ ጃንጥላ የዘረጋ፣ እያፏጨ የሚመጣ።" ሳይዘንብ የምትለዋን የጨመሯት ቄሱ ናቸው። አለበል ቁጡ ያልሆነ፣ የነገሩትን የማይረሳ፣ የወጣለትን ዕጣ እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ገበሬ ነው፤ የይስማው አብሮ አደግም ነው፣ ሉማሜ ባንድ ወንበር ተምረዋል።

ፈተናው የእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በደብሩ ግቢ ሆነ። መጀመሪያ ዘበኞቹ ከመንደሩ ሰው ጋር እጅ ተጨባበጡ። በድንበር ተጣልቶ ግማሹን መንደር የማይጨብጥ አንዱ ወደቀ። የጎረቤቱን እጅ ይዞ ስለ ጠፋች በግ መጠየቅ የጀመረው ሌላው ደግሞ ባለመልቀቁ ወደቀ። ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ በዘበኞቹ ፊት እያለፈ መልኩን አሳየ። ጃርት የመሰለ ሽበት፣ ከዘራና ማዛጋት የወጣለት ዘበኛ ሄዶ ቄስ ገብረ ኪዳንን ከነከዘራቸው አነቀ። እሱም ወደቀ፤ ቄሱ ግን በፈተናው መሐል ማዛጋታቸውን ሰው ስላየባቸው አኮረፉ።

ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፣ በመንደሩ የሌለው የመንደሩ ሰውስ? ማርቆስ የሚማረው፣ ደብረ ወርቅ የተዳረችው፣ ወታደሩ፣ መነኩሴው? መምህር ደምለው ይህን ሲጠብቅ ነበር።

"ታይመስ ውስጥ ጉበት የለም፣ ዓይን የለም፣ ቆሽት የለም" አለ። "ግን የሁሉም መልክ እዚያ ይታያል፤ 'ይኸም የቤት ሰው ነው፣ ውጭ ብታገኙት እንዳትነኩት' ለማለት። ሳይታይ የቀረ አንድ እንኳ ካለ፣ ዘበኛው ወጥቶ ሲያገኘው ይነክሰዋል። ሰውነት ራሱን የሚበላበት በሽታ የሚመጣው አንዱ እንዲህ ነው። ስለዚህ ያልተገኘውን ሰው ቤተሰቡ ይምሰለው፣ አካሄዱንም ሳሉንም ያሳይ።"

ያን ቀን ወይራ አፋፍ የሆነችውን እግዜር ይየው። አመተ ሥላሴ የምትባለው ሴት መርጡለ ማርያም ገዳም የመነኮሰ ወንድሟን ለማሳየት የባሏን ካባ ደርባ፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች፣ መሬት መሬት እያየች አለፈች፤ ሰው ተነሥቶ መስቀል ሊሳለም ምንም አልቀረው። አንዱ ሽማግሌ ደብረ ወርቅ ያገባች ልጁን አካሄድ ሲያሳይ ሚስቱ፣ ልጄ እንዲህ ዳሌዋን አትጥልም ብላ ተጣላችው፤ ልጅቱ እንዲህ ዳሌዋን እንደምትጥል ግን ሁሉም ያውቃል። አንድ ቤተሰብ ወታደሩን ልጁን ማን ይምሰል በሚል ሦስት ሆኖ አሳየው፤ ዘበኞቹም ሦስት ወታደር መዘገቡ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የብርጓል ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች። ባንድ ትከሻዋ ዝቅ ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ መምህር ደምለው።

"ልጄን ላሳይ።"

"እሱ የዚህ መንደር ሰው አይደለም። የመንገድ ሰው ነው።"

"ሳይታይ የቀረ ካለ ይነከሳል ብለህ የለ አሁን?"

"ተቀመጪ።"

 የብርጓል ባሏን ትኩር ብላ አየችው፣ ከዚያ ትከሻዋን አቃንታ ተቀመጠች። መምህር ደምለው ፈተናው አልቋል ብሎ አስታወቀ፤ ድምፁ ግን የክፍል ደወል ደርሶበት ሐሳቡን ያልጨረሰ መምህር ድምፅ ነበር። አለበልም ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

ዘበኞቹ በገበያ ቀን በየመግቢያው ቆሙ። ሌባውም መጣ። ቢጫ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ሬዲዮ አንጠልጥሎ፣ እየዘፈነ መጣ አሉ፤ ዘበኞቹ ዕጣቸውን አስታውሰው፣ አመሳክረው፣ የኔ አይደለም፣ የኔም አይደለም ተባብለው አሳለፉት። ሲመለስ ሬዲዮው ከብዶት ነበር። በዚያ ቀን ከሄዱት ማረሻዎች አንዱ የመምህር ደምለው ነው።

"ጥፋቱ የቁጥር ነው" አለ ሰው ሲያጉረመርምበት። "ሰውነት እልፍ አእላፍ አለው፣ እኛ በጣት የሚቆጠር ይዘን ምን እንጠብቃለን? ሴቶቹም ይውጡ።" ሴቶቹም ዕጣ አወጡ። ለአመተ ሥላሴ "ባለ አንድ ዓይን፣ ጉንዳን የተሸከመ" ሰው ደርሷት እስከ ነሐሴ ፍልሰታ ድረስ መንገድ ስትጠብቅ ከረመች። አለበልም ዝናብ ባባራ ቁጥር ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም፤ የሱ ሰው ሳይዘንብ ነው የሚመጣው።

ጳጉሜን ላይ፣ የበዓሉ ገበያ በደራበት ቀን፣ ሰማዩ ጠራ። ከታች ከመታጠፊያው ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ጃንጥላ ታየ፣ ለፀሐይ የተዘረጋ። ከጃንጥላው ሥር ስንት ዓመት ከመኪና በር ላይ ሲንጠለጠል ቀኝ ትከሻው ወርዶ የቀረ ሰው ሽቅብ ይወጣል። መግቢያው ላይ ሲደርስ የበሩን ግንድ በመዳፉ ጠብ ጠብ ጠብ አደረገው፣ ለሹፌር ሂድ እንደሚባለው።

"አለበል፣ እንዴት ነህ?" አለ ይስማው።

"እግዜር ይመስገን" አለ አለበል፣ አቅፎ ሳመውና እዚያው በታቀፈበት አሰረው። ከዚያ ለዘበኞች የተሰጠውን ጡሩንባ ነፋ።

ገበያ ያልወረደው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ከታችኛው ሰፈር በዚያች ሰዓት ሁለት ማረሻ መሄዱ የታወቀው በማግሥቱ ነው፤ ያን ቀን ማረሻ ያሰበ የለም። ይስማው ከመግቢያው ወይራ ጋር ታስሮ ቆሟል። ያመጣው የበዓል ዶሮ ከእግሩ ሥር ትንጫጫለች። መምህር ደምለው በምርኩዝ እያነከሰ ደረሰ፣ ልጁን አየ።

"አለበል" አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን፣ "ይህ እኮ ይስማው ነው። አታውቀውም?"

"እንዴት አላውቀውም፣ አባቴ፤ አብሮ አደጌ ነው። ግን ዕጣዬ ነው" አለ አለበል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ትከሻው ይኸው፣ ጃንጥላው ይኸው፣ አፏጭቷል፣ አልዘነበም። በፈተናውም የቤት ሰው ነው ተብሎ አልታየኝም። ዕጣ ልመልስ እንዴ?"

ያስ እንዴት ይሆናል። የተያዘ ሰው ሉማሜ ለፖሊስ ይሰጣል የሚለውን ሕግ ያወጡት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በዓሉን እስር ቤት ሊውል ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና አንድ ቀዳዳ አገኙ፤ ዛሬም ቢሆን ቤተሰቡ የቤት ሰውነቱን በዘበኛው ፊት ካሳየ አለበል ይወድቃል፣ ይስማውም ይፈታል። ሁሉም ወደ የብርጓል ዞረ።

የብርጓል እጇን አጣምራ ቆማለች።

"እኔ ላሳይ ተነሥቼ ተቀመጪ ተብያለሁ" አለች። "ያስቀመጠኝ ያሳይ።"

"ይኸ... በሕጉ..." አለ መምህር ደምለው። "ታይመስ እኮ በልጅነት ነው የሚሠራው። ሲያረጅ ይከስማል፣ ስብ ብቻ ይሆናል። ፈተናው አንዴ ካለፈ በኋላ..."

"አንተም አርጅተሃል፣ ደምለው" አለች የብርጓል። "ግን አልከሰምህም። ውረድ።"

መምህር ደምለው ወደ ልጁ አየ። ይስማው መሬት መሬት ያያል፤ አባቴ ያደርገዋል ብሎ የጠበቀ አይመስልም። ሽማግሌው ምርኩዙን ለቄሱ ሰጠ፣ ጃንጥላውን ካፈር አነሣ፣ እያነከሰ ቁልቁል ወርዶ መታጠፊያው ላይ ተሰወረ። ሰዉ ጠበቀ። ቀርቶ ይሆናል ማለት ተጀመረ።

ከዚያ ፉጨት ተሰማ። የይስማው ፉጨት ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ የሚለው። ጃንጥላው መጣ። ከሥሩ ሽማግሌው ቀኝ ትከሻውን ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ፣ የታመመ ጉልበቱን ረስቶ እንደ ጎረምሳ እየተውረገረገ ይወጣል። የሳቀ ሰው ነበር፣ መሐል ላይ ተወው። መምህር ደምለው የበሩን ግንድ በመዳፉ ጠብ ጠብ አደረገ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ባንድ እጁ ግንዱን ይዞ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ፤ ነጭ ጋቢው ተንዘረፈፈ፤ በዚያ ስንት ዓመት ባዮሎጂ ባስተማረ ድምፁ፣ "ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ እናቴ ግቢ፣ ዕቃሽን እኔ እይዛለሁ" እያለ ጮኸ። "እናቴ ግቢ" የሚላት ቃል ልክ ይስማው እንደሚላት፣ ትንሽ ሳቅ ያላት ነበረች። ይስማው ደግሞ ይህን የሚጮኸው መናኸሪያ ላይ ነው፣ ወይራ አፋፍ ላይ አንድም ቀን አልጮኸውም።

አለበል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "ታይቶኛል" አለ፣ "የቤት ሰው ነው። ወድቄያለሁ።" ገመዱን ፈታና ጡሩንባውን ለቄሱ አስረክቦ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፤ ክረምቱን ሙሉ የጠበቃት ዕጣ ነበረች፣ እሱም አሳዘነ።

ይስማው እጁን እያሻሸ ወደ አባቱ ቀረበ። 

"አባባ" አለ ልጁ፣ "የሚመታው አሁን ሁለቴ አይደለም። ሹፌር ቀይረናል፤ አዲሱ ጆሮው ይከብዳል፣ ሦስቴ ነው የምመታለት።"

መምህር ደምለው ጃንጥላውን አጥፎ መለሰለት።

"እኔ በምን ልወቅ" አለ። "ከሰኔ ወዲህ ጉልበቴን አሞኝ ሉማሜ አልወረድሁም።"